በግቢው የሚጠፋው ማሞቂያ

አሮጌዋ መኪና በጋራዡ በር ብቅ ስትል ካንዴላ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ተሰማት። ልቧ በደስታ ዘለለ፤ ፊቷ ደግሞ በኀፍረት ጋለ። መኪናዋ ተመልሳ መጣች ማለት ሰውየው መጣ ማለት ነው። መኪናዋ ተመልሳ መጣች ማለት ደግሞ የሠራችው ሥራ እንደገና ከሸፈ ማለት ነው። ሰው በማለዳ እንዲህ ለሁለት ሲከፈል ሥራውን በምን ልቡ ይሠራል?

«ያ የላም ሐኪምሽ መጣ» አሉ አባቷ ከመኪና መጠገኛው ጉድጓድ ውስጥ፣ የሌላ መኪና ዘይት እያወረዱ። የጋራዡ ባለቤት እሳቸው ናቸው፤ የኤሌክትሪኩን ሥራ ሁሉ ግን ለልጃቸው ከተዉላት ቆይተዋል።

«የእንስሳት ሐኪም ነው የሚባለው። ደግሞ የኔ አይደለም።»

«ካላልሽ ይሁን። ጸጉርሽን ለምን ታስተካክያለሽ ታዲያ?»

ካንዴላ የሚለውን ስም ያወጡላት የጋራዡ ሰዎች ናቸው። ሞተር እንደምታስነሳው ካንዴላ ትንሽ ናት፣ ስትናደድ ግን እሳት ትተፋለች፤ ያለሷም ብዙ መኪና አይነሳም። አሁን ጸጉሯን ለቅቃ ጀርባዋን ለአባቷ ስትሰጥ ግን ያየ ሰው በዚያ ስም ባልጠራት ነበር።

ሐኪሙ ከመኪናው ወረደ። ረጅም ነው፤ ጎንበስ ማለት የለመደ፣ ከላምና ከፍየል ጋር ሲያወራ ስለሚውል ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው። መኪናዋን የወረሰው ከአባቱ ነው። አልጋ አላት፣ ባለ ሁለት ዓይን ምድጃ አላት፣ መጋረጃ ሳይቀር አላት። ሟቹ አባቱ ስመ ጥር መሐንዲስ ነበሩ፤ በበጋ በበጋ ሐይቅ ዳር እየወሰዱ የሚያድሩባት እሷ ነበረች። ልጁ ግን ለሽርሽር አልፈለጋትም። ሌሊት ውኃ በረዶ የሚሆንበት ተራራ ላይ፣ ከብት አርቢዎች መሃል፣ ሥራ አግኝቷል። እዚያ ለሐኪም የሚሆን ቤት የለም፤ ቤቱ ይህችው መኪና ናት። ቅዳሜ መነሳት አለበት። የመኪናዋ ማሞቂያ እሺ ካላለ ግን እናቱ ከተማ ውስጥ ያስያዙለት ቢሮ አለ፤ ወንበሩ ተወልውሎ ይጠብቀዋል።

«ዛሬስ ምን አመጣች?» አለች ካንዴላ፣ ዓይኑን ላለማየት ካቻቢቴዋን እየፈለገች። ካቻቢቴው እጇ ላይ ነበር።

«ያው ናት። እዚህ ስትሆን ታሞቀኛለች። ግቢያችን ገብቼ ስለኩሳት ትስላለች፣ ነጭ ጭስ ትተፋለች፣ ከዚያ ጭጭ።» ሳቅ አለ። «በእኔ ሙያ ቢሆን ኖሮ ላሟን ክሊኒክ አምጡልኝ አልልም ነበር። በረቱ ድረስ እሄዳለሁ።»

እሷም ሳቀች። ቀልድ መስሏት አለፈችው።

ማሞቂያው ከሾፌሩ ወንበር ሥር የተቀመጠ፣ የጫማ ሣጥን የሚያህል ነገር ነው። ናፍጣ በጠብታ እየወሰደ ያቃጥላል፤ ለእሳቱ የሚሆነውን አየር ከመኪናዋ ሆድ ሥር በአንድ ቱቦ ይስባል፤ ጭሱን በሌላ ቱቦ ወደ ውጭ ይሰዳል። በመጀመሪያው ጊዜ ካንዴላ ጥፋቱን ከባትሪው የሚመጣው ሽቦ ላይ አድርጋ ወፍራም ሽቦ ዘረጋችለት። በሁለተኛው ናፍጣ ማጣሪያውንና ፓምፑን ቀየረች። አሁን ደግሞ ስትፈታው ውስጡ በጥላሸት ተለስኖ አገኘችው። እሳት እንዲህ የሚጠቁረው ትንፋሽ ሲያጥረው ነው። ቱቦውን በእጅ ባትሪ አብርታ አየችው፤ ከዳር እስከ ዳር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ታዲያ ትንፋሹን ማን ነው የሚያሳጥረው?

ጠርጋ፣ አጥባ፣ መልሳ ገጠመችና ለኮሰችው። ፓምፑ ጠቅ ጠቅ አለ፤ ሞቃት አየር ከወለሉ ይነፍስ ጀመር። ሐኪሙ እጁን ዘረጋ። እሷም ለመሞከር ዘረጋች። ጣቶቻቸው በዚያ ሞቃት አየር ውስጥ ሳይነካኩ ጎን ለጎን ቆዩ። አንዳቸውም ሥራው አልቋል ለማለት አልቸኮሉም።

«ቅዳሜ ነዋ» አለች በመጨረሻ።

«ቅዳሜ» አለ። ቀጥሎ የጠየቃት ስለ ናፍጣ ነበር።

መክደኛውን ስትገጥም አንድ ብሎን ቀረቻት። እሷን ላላ አድርጎ መተው ብቻ ይበቃ ነበር። መንገዱ ላይ ትወልቃለች፣ እሱ ይመለሳል፣ ቅዳሜ ያልፋል፣ ቢሮው ይቀበለዋል፣ ሰውየውም ከተማ ውስጥ ይቀርላታል። ማንም አያውቅም። ካንዴላ ጥርሷን ነክሳ ብሎኗን አጠበቀች፤ ደግማም አጠበቀች። መኪናዋ ከበሩ ስትወጣ ግን በገዛ እጇ የራሷን ልብ ጠቅልላ የሸኘች መሰላት።

በማግስቱ የመጡት እናቱ ናቸው፤ ብቻቸውን፣ በታክሲ። የጋራዡን ወለል በሚያብለጨልጭ ጫማ፣ ዘይት እየዘለሉ፣ ልብሳቸውን ሰብስበው አቋረጡ። ካንዴላ አይታቸው አታውቅም፤ ግንባራቸውን ስታይ ግን የማን እናት እንደሆኑ አልጠፋትም።

«ካንዴላ የሚሉሽ አንቺ ነሽ?»

«አዎ እትዬ። ይቀመጡ፣ ወንበር ላምጣልዎት...»

«አልቀመጥም። ትናንትም ጠፋ። ልጄ ቤት ገብተህ ተኛ ቢሉት በጄ አላለም፤ እዚያው መኪናው ውስጥ ሲንቀጠቀጥ አደረ።»

«እዚህ እኮ በደንብ ሲሠራ ነበር።»

«እዚህማ ይሠራል!» አሉ፤ ድምፃቸው ግድግዳውን አልፎ ተሰማ። «እዚህ ለምን አይሠራ? ስሚኝ፣ እኔ ሞተር አላውቅም። ሴት ግን አውቃለሁ። ወንድ ልጅ ደጅሽ ላይ እንዲመላለስ የምታደርጊበት ምክንያት እንዲገባኝ ጋራዥ መክፈት የለብኝም።»

አባቷ ከጉድጓዱ ብቅ አሉ፤ የፊታቸው ጡንቻ ይንቀሳቀሳል። ካንዴላ በእጇ ምልክት ሰጠቻቸው፤ ባሉበት ቆሙ።

«ልጄ እንዲቀርልኝ እፈልጋለሁ፤ አልደብቅሽም» አሉ እናትየዋ። «አባቱን ቀብሬያለሁ፤ ከሱ ሌላ ማን አለኝ? ግን አንቺን ብሎ ከሚቀር ተራራውም ላይ ቢሆን ይሂድልኝ።»

ካንዴላ ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ደሟ ፈላ፤ ዓይኗ ግን አላነባም። ዘይት የነካ እጇን በሱሪዋ ጠረገችና ቀና ብላ አየቻቸው።

«እትዬ፣ ልጅዎ እንዲቀር ብፈልግ በአፌ ነው የምነግረው። በእጄ አልሰርቅም። እጄ የምኖርበት ነው።»

«እንግዲያው አሳዪኝ።»

«አሳይዎታለሁ። ቅዳሜ ሳይደርስ ልጅዎ ሞቆት ያድራል፤ ሞቆትም ይሄዳል።»

እናትየዋ ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ወጡ። አባቷ ቀስ ብለው ተጠጓት። «ተይው ልጄ። ሌላ ጋራዥ ይውሰዳት። ስምሽን በነገር አታስነኪ።»

«ሌላም ጋራዥ ብትሄድ ትሠራለች፣ አባዬ። የምትጠፋው ግቢያቸው ውስጥ ነው...» ብላ ሳትጨርስ ቃሉ አፏ ላይ ቀረ። ግቢያቸው ውስጥ! ሐኪሙ በረቱ ድረስ እሄዳለሁ ብሏት አልነበረም? እሷ ግን ሥራ ከጀመረች ጊዜ አንስቶ በሽተኛዋን ከታመመችበት አውጥታ፣ ጤነኛ ስትሆን ነው የምታክማት። በራሷ ሳቀች፤ ሳቋ ውስጥ እልህ ነበረበት። የፈለገ ይምጣ፣ ይህን ነገር ሥሩ ድረስ ሳታይ አትመለስም።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ መኪናዋን ይዞ ሲመጣ ካንዴላ አዲስ ጥገና አልሞከረችም። የማሞቂያውን ጥላሸት ብቻ ጠረገችና የመሣሪያ ቦርሳዋን ይዛ ከኋላ ገባች።

«ወደ ግቢህ ውሰደኝ። መምጣቴን ለማንም አትናገር፤ ስትደርስ እንደሌላው ቀን አቁመህ ግባ። ሌላ ምንም አታድርግ።»

ሊቀልድ ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ተወው። «ተቀይመሽኛል?»

«ንዳ ዶክተር።»

ግቢው ሰፊ ነው፤ ጠጠር የፈሰሰበት፣ ዳር ዳሩ በአበባ የተከበበ። ሐኪሙ መኪናዋን ከዛፉ ሥር አቁሞ ወደ ቤት ገባ። ካንዴላ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ መጋረጃውን በጣቷ ገለጥ አድርጋ ጠበቀች። ፀሐይ ከግንቡ ማዶ ወርዳለች፤ ብርዱ ከወለሉ ይወጣ ጀምሯል። ምን እንደምትጠብቅ እንኳ በቅጡ አታውቅም ነበር።

ጠጠሩ ተንኮሻኮሸ። እናቱ ናቸው፤ አበባ ማጠጫ ይዘዋል። አበባውን ግን ቀና ብለውም አላዩት። ማጠጫውን አስቀመጡ፤ ወደ ቤቱ በር ገልመጥ አሉና፣ ያ የክብር ልብሳቸው ጠጠር ሲነካው ሳያሳስባቸው፣ ከመኪናዋ ጎን ተንበረከኩ። ከእጅጌያቸው የተጠቀለለ ጨርቅ አወጡ። እጃቸው ከመኪናዋ ሆድ ሥር ገባ፤ ሲወጣ ባዶ ነበር።

ካንዴላ መጋረጃውን ለቀቀችው። ታዲያ ይኸው ነዋ! ልጃቸውን ለማስቀረት በገዛ እጃቸው እያፈኑት፣ ጋራዥ ድረስ መጥተው በሰው ፊት ያዋረዷት እሷን! በሩን በኃይል ስባ ከፈተችና ዘልላ ወረደች።

«አየሁዎት እትዬ! እኔን ያሉኝን ሁሉ የሚያደርጉት እርስዎ ነዎት!»

እናትየዋ ደንግጠው ወደ ኋላ ተቀመጡ፤ የራስ መሸፈኛቸው ተንሸራተተ። ፊታቸው ላይ ግን የተያዘ ሰው ሁኔታ አልነበረም። ግራ የተጋባ ሰው ፊት ነበር።

«ምኑን? ይኼን ቀዳዳ ነው የምደፍነው። ተርብ ይገባበታል።»

«ተርብ?»

«ባሌ መኪናዋን ባቆመ ቁጥር ይደፍነው ነበር። አንድ ጊዜ ተርብ ጎጆ ሠርቶበት ስንት ቀን ሲጠርገው ከረመ... ከዚያ ወዲህ ሲያቆም ይደፍናል፤ ሲነሳ ያወጣል። ልብሱን ሳይቀይር ነው፤ መጀመሪያ ያቺን ቀዳዳ፣ ከዚያ እኔን ሰላም ማለት።» ጠጠሩን በጣታቸው ነካኩ። «ከሞተ በኋላ ማን ያድርገው? ልጄ እንደሆነ የላም ጥርስ እንጂ የመኪና ነገር አያውቅም። እኔ ማታ እደፍናለሁ፣ ጠዋት ሳይነሳ ወጥቼ አወጣለሁ። ለሰው የሚነገር ነገር አይደለም። ይህችው ናት ከሱ የቀረችኝ ሥራ።»

የካንዴላ ንዴት ከላይዋ ላይ ወርዶ እግሯ ሥር ቀረ። ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ወለል ብሎ ታያት። መሐንዲሱ መኪናዋን ያወጧት የነበረው በበጋ፣ ብርድ ወደሌለበት ሐይቅ ዳር ነው፤ ማሞቂያውን አንድም ቀን አልለኮሱትም። ጨርቁ በሳቸው ጊዜ ማንንም አልጎዳም። አሁን ግን በየማታው የእሳቱን አፍንጫ ይይዘዋል፤ ጠዋት እናት ሲያወጡት ደግሞ ቱቦው ተከፍቶ፣ ንጹሕ ሆኖ ጋራዥ ይደርሳል።

አንድ ቃል ብቻ ጮኻ ብትናገር ስሟ ይነጻ ነበር። ያ ቃል አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን አንጀቷ እምቢ አለ። ከጎናቸው ተንበረከከች።

«እትዬ፣ ይህች ቀዳዳ የማሞቂያው መተንፈሻ ናት» አለች በዝግታ። «በሷ ነው አየር የሚስበው።»

እናትየዋ አዩዋት። ቀዳዳዋን አዩ።

«እና ልጄ ሲንቀጠቀጥ ያደረው... በኔ ነው?»

«አላወቁም እትዬ። እኔም ባለሙያዋ አላወቅኩም። እዚህ መጥቼ ማየት ነበረብኝ።»

«ሳላውቅ አንቺን ያን ሁሉ ተናገርኩሽ።»

«እሱ አልፏል። ለልጅዎ ቱቦው ውስጥ ተርብ ነበር እለዋለሁ። ውሸቱም ሩቅ አይደለም።»

እናትየዋ እጃቸውን ሰድደው ጨርቁን ራሳቸው አወጡት። መኪናዋን ተደግፈው ተነሱ፤ ጉልበታቸው ላይ የተጣበቀውን ጠጠር አራገፉ፤ የራስ መሸፈኛቸውን አስተካከሉ። እንደገና የቤቱ እመቤት ሆኑ።

«ስምሽን በክፉ ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ የማጠራውም እኔ ነኝ» አሉና ወደ ቤቱ ዞረው ልጃቸውን ተጣሩ።

ሁሉንም ነገሩት። የጨርቁን፣ የጋራዡን፣ የተናገሩትን ቃል ሳይቀንሱ። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት። እሷ ንጹሕ ናት» ብለው ማጠጫቸውን አንስተው ወደ አበባዎቹ ሄዱ። ውኃውን ያፈስሱ የነበረው መንገዱ ላይ ነው።

ሐኪሙ የመኪናዋ ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ካንዴላ ማሞቂያውን ለኮሰች፤ ፓምፑ ጠቅ ጠቅ አለ፤ አልሳለም፣ አልጨሰም። ከጀርባው ሞቃት አየር መጣ። ሁለቱም ደስ ሊላቸው ይገባ ነበር።

«እማዬ እንዲያ ስትልሽ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ግማሹ እውነት ስለነበረ ነው።»

ቀና አለ።

«አላበላሸሁትም» አለች። «በሕይወቴ የሰው መኪና አበላሽቼ አላውቅም። ግን በተመለስክ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር። ትናንት አንዲት ብሎን እጄ ላይ ይዤ... ተወው። ቁልፉን ባዞርኩ ቁጥር በገዛ እጄ እየገፋሁህ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ሠራሽው?»

«ላሞቹ ምን በደሉኝ?» አለች፤ እንባዋና ሳቋ አብረው መጡ። «ደግሞም ማሞቂያ ተበላሽቶበት የቀረ ሰው ለኔ ብሎ ቀረ አይባልም።»

ሐኪሙ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፤ ሲገልጠው ዓይኑ ቀልቷል። «ቤት ገብቼ መተኛት ለምን ያቃተኝ ይመስልሻል? ጭሱን ሳይ ነገ አያታለሁ እል ነበር። እየተንቀጠቀጥኩ ፈገግ እል ነበር፤ ሰው ቢያየኝ ለራሴ ሐኪም ይጠራልኝ ነበር። በየጠዋቱ ልነግርሽ እመጣለሁ፤ የምነግርሽ ስለ ናፍጣ ይሆናል።» ወደሷ ተጠጋ። «ልቅር? አንድ ቃል በይኝ፤ እቀራለሁ።»

ያ ቃል ስንት ጊዜ በሕልሟ የሰማችው ነው! እጁን ያዘች። የመጀመሪያ ጊዜዋ ነበር፤ የእጇ ጥላሸት እጁ ላይ ቀረ።

«አትቀርም» አለች። «ቢሮ ውስጥ የታሰረ አንተን አይደለም የወደድኩት። ትሄዳለህ፤ እኔ ደግሞ እመጣለሁ። መንገድ አለ፣ አውቶብስ አለ፣ ተራራ ላይም የሚበላሽ መኪና አይጠፋም። እናትህ ቢወዱም ባይወዱም፣ ሩቅ ቢሆንም ቢበርድም፣ አልተውህም። ይኸው በአፌ ነገርኩህ።»

ግንባሩን ከትከሻዋ ላይ አሳረፈ፤ ሁለቱም ከዚያ በኋላ ምን ያህል እንደተቀመጡ አላወቁትም።

ቅዳሜ ጠዋት ካንዴላ የመጨረሻውን ፍተሻ ለማድረግ ከአባቷ ጋር ወደ ግቢው መጣች። ሽቦውን ነካካች፣ ናፍጣውን አየች። በአየር መሳቢያው አፍ ላይ ነፋስ የሚያሳልፍ ተርብ ግን የማያሳልፍ ወንፊት ገጠመች። ሥራ አለቀ። ከዚህ በኋላ ማድረግ የሚቀራት መሰናበት ብቻ ነው፤ ይህን ግን እንዴት እንደሚያደርጉት ማንም አላስተማራትም። መሣሪያዋን በቦርሳ ሰብስባ ቆመች።

የቤቱ በር ተከፈተ። እናቱ ወፍራም ካፖርት ለብሰው፣ ብርድ ልብስ ታቅፈው፣ ሻንጣ ይዘው ወጡ።

«እማዬ፣ ወዴት ነው?» አለ ሐኪሙ።

«ከናንተ ጋር ነዋ።»

«ከእነማን ጋር?»

«ይህች ልጅ ጋራዥ ውስጥ ሞክራ ይሠራል አለችን፤ ግቢ ሲገባ ጉድ ሆንን። አሁን ደግሞ የሞከረችው ግቢ ውስጥ ነው። ተራራው ላይ ማን አየው? እዚያው ሄዳ ትየው እንጂ!» ሻንጣቸውን ለልጃቸው አሸከሙት። «አንዲት ልጅ ብቻዋን ካንተ ጋር ደግሞ አልሰድም። እኔ ከኋላ እቀመጣለሁ። ስንመለስ አብረን በአውቶብስ እንመጣለን።»

ካንዴላ ወደ አባቷ ዞረች። አባቷ የመኪናዋን ጎማ በጥሞና ያጠኑ ነበር፤ ጎማው ምንም አልነበረበትም።

እናትየዋ አንድ እግራቸውን ደረጃው ላይ አድርገው ቆሙ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ወደ ውስጥ ገብተው አያውቁም። ትንፋሻቸውን ሰበሰቡና ወደ ጋራዡ ባለቤት ዞሩ።

«እርስዎ አባቷ ነዎት አይደል? ባለፈው ጋራዥዎ መጥቼ ሰላም እንኳ አላልኩዎትም። ስመለስ እመጣለሁ። የመኪና ጉዳይ አይደለም።»

አባቷ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ፤ ደጋግመው ጠረጉ። «የመኪና ጉዳይ ካልሆነማ» አሉ፣ ድምፃቸው ትንሽ ጎርነን ብሎ፣ «ልብሴን ቀይሬ እጠብቅዎታለሁ።»

ካንዴላ የፊቱን በር ይዛ ቆማ ቀረች። ስትፈራው የሰነበተችው ቅዳሜ ይህ ነው። እንባዋ ፊቷን ሞልቶ ይወርድ ነበር፤ ልትደብቀውም፣ ልትጠርገውም አልፈለገችም። ሁሉም እንዲያዩት ፈቀደችና ገብታ ተቀመጠች።